በትኩሳት ጊዜ መቅኔ ምን ይሠራል?



ልጅ አተኩሶት ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ውጤቱ ሲመጣ «ነጭ የደም ሕዋሱ ጨምሯል» ይባላል፤ ወላጅም ይደነግጣል። አንዳንዱ ቁጥሩ ራሱ በሽታ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የደም ካንሰር ነው ብሎ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። በዚህ ወር ዓምዳችን ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ በተለይም የጨቅላ ሕፃን ሕመም ለምን ጊዜ እንደማይሰጥ እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው ደማችን የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በሕፃናት አጥንቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ደም ይሠራሉ፤ በአዋቂ ሰው ግን ሥራው በአብዛኛው በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድንና በደረት አጥንቶች ይወሰናል። የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚወለዱት ግንድ ሕዋስ ከሚባለው ነው። ይህንንም ቲልና ማኩሎክ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ አሳይተዋል። ከነጭ ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ባክቴሪያን እየዋጡ ይገድላሉ። ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ የጤነኛ አዋቂ ሰው መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ይሠራል። ከብጉንጅ የሚወጣው መግል አብዛኛው የእነዚሁ ሕዋሳት ሬሳ ነው።

ባክቴሪያ ሳንባን ወይም ደምን ሲያጠቃ መቅኔ በመጀመሪያ ያከማቸውን ኒውትሮፊል በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይለቃል። በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚሆነው የነጭ ሕዋስ ቁጥርም 15,000 ወይም 20,000 ሊደርስ ይችላል። ክምችቱ ካልበቃ ገና ያልጎለመሱት ጭምር ይላካሉ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያያቸዋል። ከዚህም ጋር ከተጠቃው አካል የሚመጡ ኬሚካላዊ መልእክቶች መቅኔው ምርቱን እንዲያፋጥን ያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኢንተርፌሮን የሚባለው መልእክተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀላፉትን ግንድ ሕዋሳት እንኳ ይቀሰቅሳል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይሆንም። መቅኔ ወደ ነጩ ሲያዘነብል የቀይ ሕዋሳት ምርት ይቀንሳል። ጉበትም ሄፕሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር አመንጭቶ ጀርሞች እንዳይጠቀሙበት ብረቱን ያስቆልፈዋል። በተደጋጋሚ የታመመ ልጅ የሚገረጣው አንዱም በዚህ የተነሳ ነው። ስለሆነም የብረት መድኃኒት መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ የቁጥሩ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ የመቅኔው መልስ እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በታይፎይድ የነጭ ሕዋስ ቁጥር ላይጨምር፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። በሌላ በኩል ከአፍሪካና ከዐረብ ምድር ሰዎች፣ ከኢትዮጵያውያንም መካከል፣ ምንም ሳይታመሙ በዘር የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ የሚል አሉ። ስለዚህ ውጤቱን ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር አገናዝቦ የሚያነበው ሐኪሙ ነው።

እናቶችና አባቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ግን የጨቅላውን ጉዳይ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን መቅኔ የሚያከማቸው ኒውትሮፊል ጥቂት ነው፤ ብርቱ ኢንፌክሽን ሲይዘው ክምችቱ ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ከመጨመር ይልቅ ያሽቆለቁላል፤ ይህም ከመጨመሩ ይበልጥ የሚያሳስብ ምልክት ነው። በዚያ ላይ ሕፃኑ በጠና ታሞ ሳለ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አይባልም። በቀንም ይሁን በሌሊት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የትልቅ ሰው መቅኔ ለጥቂት ጊዜ ሊመክት ይችል ይሆናል፤ የጨቅላው መቅኔ ግን ያ አቅም የለውም።