ለሚመጣው መርሳት ዛሬ ቃል መስጠት

ስለ መርሳት ስንገጥም ነገሩን እናለሰልሰዋለን፤ ጭጋግ እንለዋለን፣ ምሽት እንለዋለን። በባንክ መስኮት በኩል ሲታይ ግን መርሳት ከቀድሞው ጋር የማይመሳሰል ፊርማ ነው። «እሳቸው እኮ ይረሳሉ» ይላል ልጅ፣ እናቱ አጠገቡ ቆመው እየሰሙ።

ይህች «ይረሳሉ» ፍርድ ሆና ማለፏ ያሳስበኛል። የመርሳት በሽታ የጀመራቸው እናት የዛሬውን ቀን ሊስቱ ይችላሉ፤ እየባሰባቸው ሲሄድ ገንዘባቸውን ማን እንዲይዝላቸው እንደሚሹ ግን አጥርተው ሊያውቁ ይችላሉ። መመዘን ያለበት ይህን አንድ ጉዳይ፣ አሁን፣ መረዳታቸው ነው።

እንግሊዝና ዌልስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአእምሮ ችሎታ ሕግ ይህን በግልጽ አስፍሮታል። ሰውየው የተነገረውን ከተረዳ፣ ለመወሰን እስኪበቃው በልቡ ከያዘ፣ ካመዛዘነና ፈቃዱን በቃልም ሆነ በምልክት ከገለጸ ይበቃል። ነገሩን የሚይዘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ አያግደውም። ውሳኔው ለሌላው የማይረባ መስሎ መታየቱም ችሎታ አያሳጣውም። (ይህች የመጨረሻዋ ስንቱን ወራሽ ታስቆጣ ይሆን!)

የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው ይገምታል፤ የለውም የሚል ያስረዳ ይላል። ነገር ግን በአንቀጽ 2232 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። እንግዲህ «ስደክም ልጄ ይያዝልኝ» ተብሎ የተሰጠው ውክልና እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሊወድቅ ነው። ተቃራኒውን ቃል አስቀድሞ በሰነዱ ማስፈር እንደሚቻል ለእናትየው የሚነግራቸው ማን ነው? ከሞት በኋላ ላለው ኑዛዜ የሚባል የከበረ ቃል አለን። እስትንፋስ ሳለ አእምሮ ለሚርቅበት ዘመን ግን የሚመጥን ስም እንኳ ያወጣንለት አይመስለኝም። ስም ያልወጣለትን ነገር ደግሞ ቤተሰብ ቡና ላይ አያነሳውም።

ስለዚህ ጥያቄው ቀድሞ ይነሳ እላለሁ፤ በሽታው ገና ሲጀምር፣ ሰውዬው ንቁ በሚሆንበት ሰዓት፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ። ከውሳኔው የሚጠቀመውም ለጊዜው ከክፍሉ ይውጣ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምዘና አይደለም፤ አዛውንቶቻችን ሰው ላለማስቀየም «እንዴታ ልጄ» ይላሉ። ይልቅ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲያስረዱ መጠየቅ ይሻላል፤ ቀጥሎም፦ «ልጅዎ በዚህ ወረቀት ቤትዎን ቢሸጠውስ?»