ሚስማሩን ንቀሉት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ሰሞኑን እዚሁ ኢተያ ለጉዳይ አንድ ቢሮ ገባሁ። ወንበሩ ተሰብሯል፣ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ግድግዳው ላይ ግን የባለሥልጣን ፎቶ በወርቃማ ፍሬም ያበራል። "በጀት የለም" ያለኝ ልጅ ከፎቶው ሥር ነው የተቀመጠው!

በሽታው የዛሬ አይደለም። የሮማው አውግስጦስ ቄሣር የሞተው 75 ዓመት አልፎት ነው፤ ሐውልቶቹ ግን እስከ መጨረሻው የወጣት ፊት ነበራቸው። ሩቅ ያለው ግብር ከፋይ ንጉሡን የሚያውቀው በድንጋይና በሳንቲም ብቻ ስለሆነ፣ የማያረጅ ሰው የሚገዛው ይመስለዋል። ዶሚቲያን በፈረንጆች 96 ዓ.ም. ሲገደል ደግሞ ምክር ቤቱ ምስሎቹ እንዲወርዱ አዘዘ። አንዳንዱን ሐውልት ፊቱን ፍቀው የተተኪውን የኔርቫን ፊት ቀረጹበት። አንገቱ የድሮው፣ ፊቱ የአዲሱ!

ሳቃችሁ? እኛስ? የጃንሆይ ፎቶ ወረደ፤ የማርክስ፣ የኤንግልስ፣ የሌኒንና የሊቀመንበር መንግሥቱ ተሰቀለ። በ1983 እሱም ወረደ። ሚስማሩ ግን እዚያው ነው። እኔም ንጹህ አይደለሁም። በተማሪነቴ ፎቶ ተሸክሜ ተሰልፌያለሁ፤ መምህር ሆኜ ደግሞ እናንተን አሰልፌያለሁ። ይቅር በሉኝ።

"የአገር ክብር ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ለአገር ክብር ሰንደቅ ዓላማ አለን። ደግሞ ያለ መሪ ፊት መኖር እንደሚቻል ኪሳችን ምስክር ነው። በ1969 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ የጃንሆይ ምስል ቀረ፤ አደባባዩን በፎቶ የሞላው ደርግ እንኳ ብሩ ላይ የራሱን መሪ አልተካም። 1 ብሩ ላይ ልጅ፣ 10 ብሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ 10 ሳንቲሙ ላይ የኛው የአርሲ ተራራ የደጋ አጋዘን ወጣ። ታዲያ በዚህ ምክንያት ብሩን አልቀበልም ያለ ባለሱቅ ነበር?

የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ እንኳ፣ የዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ ፊቱን በወርቅ ሳንቲም ሲያስቀርጽ፣ ግራና ቀኙን በእህል ዛላ አሳጅቦታል። ንጉሥ ያለ እህል ምን እንደሆነ ለስንዴ አገር ሰው አልነግርም።

ዛሬ ርዕሰ መምህርና ኃላፊ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ፎቶውን በሌላ ፎቶ ቀይሩ አላልኳችሁም። ሚስማሩን ንቀሉት። ቀዳዳው ካስጠላችሁ የተማሪዎቻችሁን ሥዕል ለጥፉበት። የፍሬሙን ገንዘብ ለመስኮቱ መስታወት አድርጉት፤ የአርሲን ብርድ ታውቁታላችሁ።