በጎ ሥርዓት ከዲሬክተሩ ጋር አብሮ እንዳይዛወር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤



ከዚህ ቀጥሎ የጻፍኩትን አሳብ በአንባቢዎች ገጽ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም። በጅግጅጋ ከተማ የምኖር፥ ልጆቼን በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን የትምህርት ቤት ጉዳይ የአስተማሪዎች ብቻ አለመሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ያየሁትንና ያሰብኩትን ለአንባቢዎች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ልጆችን በዱላ ሳይሆን በማስተማርና በማበረታታት ወደ መልካም ጠባይ ለመምራት በየትምህርት ቤቱ ሥልጠና ይሰጣል፥ ደንብ ይወጣል፥ ግድግዳ ላይም ይጻፋል። ይህን የመሰለ ሥራ መጀመር ብዙ አይቸግርም። የሚቸግረው ማቆየቱ ነው። ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ጥቂት ቆይቶም ደንቡ ይረሳል፤ በስተኋላ ያው የተለመደው ጎማና ልምጭ ተመልሶ ይመጣል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ተማሪ በትምህርት ቤት ይገረፍ ወይስ አይገረፍ የሚለው ክርክር በሕግ በኩል ያለቀ ነው። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 10 አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተቀብላ አጽድቃለች፤ የዚሁ ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በማይነካ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። እንግዲህ ሕጉ ከወጣ 30 ዓመት አልፎታል፤ አለንጋው ግን ከክፍል አልወጣም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ስምንት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሲጠይቅ፥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሳምንቱ ውስጥ አስተማሪ ተማሪን ሲመታ አይተናል ብለው መልሰዋል። ጥናቱ የእኛን ክልል አልጨመረም፤ የሆነ ሆኖ የእኛ ከዚያ የተሻለ ነው ብሎ የሚምል ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዱላን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ በዱላው ፈንታ ምን ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አስተማሪን አትምታ ብሎ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ብቻውን ትቶ መሄድ ለአስተማሪውም ለተማሪውም አይበጅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የትምህርት ሊቃውንት በጎ ጠባይን የመደገፍ ዘዴ ያወጡት። ይህም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ አገር በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አማካይነት ተደራጅቶ ዛሬ በብዙ ሺሕ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ አጫጭር ደንቦችን ያወጣል። ደንቦቹን እንደ ሒሳብና እንደ ንባብ በምሳሌ ያስተምራል፤ ይኸውም ተማሪው በውሃ ቧንቧው ዘንድ እንዴት እንደሚሰለፍ፥ ከጓደኛው ጋር ሲጣላ ለማን እንደሚናገር፥ ሲዘገይ እንዴት ፈቃድ ጠይቆ እንደሚገባ ማለት ነው። ደንቡን የፈጸመውን ያመሰግናል፤ ያጠፋውን ለምን እንዳጠፋ ጠይቆ፥ በመዝገብ ጽፎ፥ የጎደለውን መልሶ ያስተምራል። ሊቃውንቱ በልምድ እንደሚሉት ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ተማሪ በዚህ ብቻ ሥርዓት ይይዛል፤ ዐሥራ አምስት ያህሉ በትንንሽ ቡድን ተጨማሪ ምክር ያሻዋል፤ የቀረው አምስት ያህል ደግሞ ወላጅ የተጨመረበት የግል ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ዱላ መምታት በሽታው ለማይታወቅ ሕመምተኛ ሁሉ አንድ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

ይህ ለሀብታም አገር እንጂ ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው ቢኖር ኡጋንዳን ይመልከት። በሉዌሮ አውራጃ በ42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፥ ትምህርት ቤቱ ራሱ፥ ማለት ዲሬክተሩ፥ አስተማሪው፥ ተማሪውና የአካባቢው ሕዝብ በአንድነት ለ18 ወራት በሠሩበት ቦታ ተማሪዎች በሳምንት ውስጥ በአስተማሪ የመመታታቸው ነገር በ42 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኡጋንዳ እንደ እኛ ክፍሉ የተጨናነቀ፥ ደመወዙ ያነሰ አገር ነው። የሚቻል መሆኑ ታይቷል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ሥራው ተጀምሮ ለምን ይጠፋል? የማውቀውን አንድ ትምህርት ቤት፥ ስሙን መጥቀስ ሳያስፈልግ፥ በምሳሌ ላቅርብ። ሥልጠና የወሰደ ብርቱ ዲሬክተር ነበረው። ደንቡ ወጣ፥ መዝገብ ተከፈተ፥ በየወሩ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በጠባያቸው የተሻሻሉ ልጆች ይመሰገኑ ነበር። የሚዘገየው ተማሪ ማነሱን እኛ ወላጆችም አይተናል። ዲሬክተሩ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ግን፥ ተተኪው መዝገቡን አንሥቶ ይኸ ምንድን ነው? ብሎ ቢጠይቅ በቂ መልስ የሰጠው አልተገኘም። መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ ጎማው ተመለሰ።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር መረዳት አለብን። አንድ ኃላፊ ሲዛወር ወንበሩና ጠረጴዛው፥ ማኅተሙና ቁልፉ ተቆጥሮ ርክክብ ይፈጸማል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ አንዲት ወንበር ብትጎድል ኮሚቴ ይቋቋማል። ሁለት ዓመት የተደከመበት የልጆች አያያዝ ሥርዓት ሲጎድል ግን የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያቱም በማንም ስም አልተመዘገበም። ንብረቱ የዲሬክተሩ የግል ትጋት ነበረና ከዲሬክተሩ ጋር ሄደ።

ሁለተኛው ምክንያት ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው። ለሥልጠና ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይላካል፤ እሱም ተመልሶ የሰማውን ለሌሎቹ በግማሽ ቀን ያወራል፤ በዚያው ያበቃል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዳሉት፥ ለሁሉ ቢከፋፈል ቀላል የሚሆነው ሥራ አንዱን አስተማሪ ያጎብጠዋል። የሶማሌ ሽማግሌዎችም ይህንኑ አሳብ ኢልኮ ወዳጅር በይ ወሕ ኩ ጎያን ብለው ይገልጹታል፤ ጥርሶች የሚቆርጡት በአንድነት ሆነው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መዝገቡ ለዘገባ እንጂ ለሥራ አለመዋሉ ነው። ስንት ተማሪ ተጣላ፥ በየትኛው ሰዓት፥ በየትኛው ቦታ የሚለው ተጽፎ ወደ ላይ ይላካል፤ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ተቀምጦ የሚያነበው አይኖርም። ጠቡ ሁሉ በዕረፍት ሰዓት በአንዱ በር ዘንድ የሚነሣ ከሆነ፥ በዚያ በር አንድ አስተማሪ ማቆም ብቻ ብዙ ጠብ ያስቀራል። በውጭ አገር ይህን ዘዴ ለብዙ ዓመት ያቆዩ ትምህርት ቤቶች የተመረመሩ ሲሆን፥ ከጠፋባቸው የለያቸው ዋናው ነገር አንድ ቡድን በየጊዜው ተሰብስቦ የራሱን መዝገብ መመልከቱ ነው።

በእኛ ከተሞች ነገሩ የሚከብድበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች ሰፈር ባለባት በቀብሪ በያህ፥ እንዲሁም በአውበሬ፥ የአካባቢውና ከሶማሊያ የመጡት ልጆች ጎረቤታሞች ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ድርቅ የብዙ አርብቶ አደር ከብት ጨርሶ ቤተ ሰቦችን ወደ ከተማ ዳር አምጥቷል። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ማብቂያ በጅግጅጋ የደረሰውን ሁከት በሕፃንነታቸው ያዩ ልጆች ዛሬ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ብዙ ፍርሃት ያየ ልጅ ሲመታ አይታረምም፤ ይሸሻል። የሚሸሽበትም ቦታ ሩቅ አይደለም። በቶጎ ውጫሌ የድንበር ንግድ ሸክም የሚሸከም ልጅ ይፈለጋል፤ ከፍ ያለው ደግሞ በሶማሊኛ ተህሪብ በሚባለው የስደት መንገድ ባሕር ለመሻገር ይነሣል። ከትምህርት ቤት በር በዱላ የተመለሰ ልጅ ደላላ ዘንድ በፈገግታ ይቀበሉታል። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ያለ ዱላ ሥርዓት የለም፥ እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱን አልነቅፍም፤ ልጃቸው ጨዋ እንዲሆን መፈለጋቸው ነው። ነገር ግን ተገርፈው ሰው የሆኑትን ስንቆጥር፥ ተገርፈው ከትምህርት የቀሩትን አብረን አንቆጥርም፤ እነሱ ከእኛ ጋር ቢሮ አልተቀመጡምና። ደግሞም አደብ የሚለው ቃል በአማርኛም በሶማሊኛም አለ፤ ሶማሌዎች ኤደብ ይሉታል። በሁለቱም ዘንድ ትርጉሙ ጨዋነት እንጂ ድብደባ አይደለም። ጨዋነት ደግሞ ትምህርት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ የሚለው የድሮ ስም ተመልሶ መጥቷል፤ በመጽሐፉ ሰውን አክብር እያሉ በኮሪደሩ መማታት ግን ትምህርቱን ያፈርሰዋል።

ለማቆየት ምን ይደረግ የሚለውን ባጭሩ ላመልክት።

አንደኛ፤ ዲሬክተር ሲዛወር የልጆች አያያዝ ደንቡ፥ መዝገቡና የቡድኑ አባሎች ስም ዝርዝር ከንብረቱ ጋር በርክክብ ሰነድ ላይ ይግባ። ተተኪውም ፈርሞ ይረከብ፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይመስክር። ይህ ከወረቀትና ከፊርማ በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፤ ሥራውን የሚመራው ቢያንስ አምስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ይሁን። ሁሉም በአንድ ዓመት እንዳይለወጡ ተጠንቅቆ፥ በወር አንድ ጊዜ ተሰብስቦ የወሩን መዝገብ ያንብብ፤ አንድ ችግር መርጦም መፍትሔ ይስጥ።

ሦስተኛ፤ ልጆቹ በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩት በሶማሊኛ ስለ ሆነ ደንቡም በሶማሊኛ ይጻፍ፤ በሌሎች ቋንቋዎች የሚማሩ ካሉም በየቋንቋቸው ይጻፍላቸው። ልጅ የማያነበውን ደንብ አይጠብቅም።

አራተኛ፤ የወላጅ፥ የተማሪና የመምህር ኅብረት ለገንዘብ መዋጮ ብቻ አይጠራ። የአገር ሽማግሌዎችና የዱግሲ መዓሊሞችም ይጋበዙ። ዱግሲ ያለ ፕሮጀክትና ያለ በጀት ዘመናትን የተሻገረው፥ እያንዳንዱ ወላጅ የእኔ ነው ስለሚለው ነው። በዱግሲም አለንጋ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ መዓሊሙና አስተማሪው በአንድ ቃል ቢናገሩ ልጁ በሁለት ሕግ መካከል አይዋልልም።

አምስተኛ፤ ሥልጠናው ዕጩ አስተማሪው ገና በኮሌጅ ሳለ ይሰጠው። በከተማችን የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አሉልን። ከእነዚህ የሚወጣ አስተማሪ ሰባ ልጅ ያለ ዱላ መያዝን ተለማምዶ ቢወጣ፥ ከውጭ የሚመጣ የሦስት ቀን ሥልጠና መጠበቅ ይቀራል። የጉድኝት ማዕከሎች ሱፐርቫይዘሮችም ትምህርት ቤት ሲጎበኙ ከዕቅድና ከሪፖርት ሌላ ይህን መዝገብ ገልጠው ይመልከቱ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ለዕቃ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለልጆቻችንም ማድረግ ነው። አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲከፈት በየትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አምና የተጀመረው የት ደረሰ? የሚል ይሁን እላለሁ። የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎችም አስተማሪዎችም በዚህ ላይ አሳባቸውን ቢጽፉ እኔና እኔን የመሰሉ ወላጆች በደስታ እናነባለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ ወላጅና የመንግሥት ሠራተኛ
ከጅግጅጋ