የ12ኛ ክፍል ፈተናና የእኛ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በቀረበ ቁጥር በአሰቦትም ሆነ በሚኤሶና በጭሮ አጥቢያዎች ተፈታኙን ያየ ሁሉ «ታልፍ ይሆን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። ሲደጋገም ግን ልጁን «ባላልፍ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ምን እሆናለሁ?» ያሰኘዋል። ፈተናው በራሱ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ እኛ የምንጨምረው ሸክም አለ። እርሱን ማንሣት የእኛ ድርሻ ነው።

አስቀድመን እውነታውን እንመልከት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት፣ ከመቶ ተፈታኞች በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ሦስት ያህሉ፣ በ2016 ዓ.ም አምስት ያህሉ፣ በ2017 ዓ.ም ስምንት ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ምክንያቱ የአንድ ልጅ ስንፍና ነው ማለት ፍትሕ አይደለም። ከአጥቢያችን ከሚፈተኑት የሚበዙት የማለፊያውን ነጥብ ላያገኙ ይችላሉ። እንግዲህ ዝግጅታችን ለጥቂቶቹ ደስታ ብቻ ከሆነ ብዙዎቹን ረስተናል ማለት ነው።

ከፈተናው በፊት ስላለው ጊዜ እንነጋገር። ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ሲውል ከጾመ ሐዋርያትና ሐምሌ 7 ቀን ከሚከበረው የሥላሴ በዓል ጋር ይገናኛል። በዚህ ሰሞን በአሰቦት ተራራ ላይ ወዳለው ወደ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ዓይኑን አቅንቶ የሚሳል ተማሪ ይኖራል። ስለት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ስለትን እንደ ንግድ ውል እንዳያዩት ማስተማር ይገባናል። እንዲህ ካሰቡ ውጤቱ ሲጎድል ጸሎታቸው የተናቀ፣ እምነታቸውም የወደቀ ይመስላቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የጠየቀው አልተሰጠውም፤ የሚያጸና ጸጋ ግን አልተከለከለም (2ቆሮ. 12፥7-9)። ለተፈታኞች ስንጸልይ ከውጤቱ አስቀድመን ማስተዋልንና ሰላምን እንለምንላቸው። ስለ ጾሙና ስለ አገልግሎቱ ደግሞ ተማሪው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር እንጂ እንቅልፍ አጥቶ በጸጸት አይንገላታ።

ሁለተኛው የምርጫው ጊዜ ነው። ያለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚመራው በወሬ ነው። «እገሌ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ካልደረሰህ አትሂድ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔም ዩኒቨርሲቲ እንደሚማር ዲያቆን የምለው፣ ይህን ፍርሃት ለማቅለል አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የግቢ ጉባኤ ወንድሞችና እኅቶች ከተማሪዎቹና ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያስረዱ። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት እንደሚሰጥበት፣ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ እንደሆነ፣ በጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ከቤት ስለቀረበ ብቻ የሚናቅ እንዳልሆነ ይናገሩ። ነጥቡ ለጎደለውም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ትምህርት የሚባል መንገድ መኖሩን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም የክብር እንጀራ የሚገኝበት መሆኑን በግልጽ ያስረዱ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ከውጤት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም ውጤቶች የተገለጹት በዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» በሚባባልበት በዚያ ሳምንት ያላለፈ ልጅ ከቤት መውጣት ያፍራል፤ ከመዝሙር ጥናትም ይቀራል። እኛ ደግሞ ያለፉትን ብቻ መድረክ ላይ ጠርተን እናጨበጭባለን። «ያለፉትን ማመስገን ሌላውን ያተጋል» የሚል ይኖራል። ምስጋናው አይቅር፤ ግን መድረኩ የተፈተኑት ሁሉ ይሁን። ደክመው ያጠኑት፣ ከቤታቸው ርቀው የተፈተኑት ሁሉም ናቸውና በአንድነት ይጠሩ፣ በአንድነት ይጸለይላቸው። በመጀመሪያው ሳምንትም ሁለት ሁለት እየሆንን የቀሩትን በቤታቸው እንጠይቅ፤ ስለ ነጥብ ሳናነሣ ቡና ጠጥተን፣ «እሑድ እንጠብቅሃለን» ብለን እንመለስ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለተማሪዎች ስንነግር ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ የወደቀውን ትል እናነሣለን፤ «ጽና» ለማለትም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ያሬድ ከትሉ ተምሮ ሲነሣ የሄደው ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎን ነው፤ መምህሩም ተቀበለው። የሚቀበለው ባያገኝ ኖሮ ጽናቱን ይዞ ወዴት ይሄድ ነበር?

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ለልጃችሁ «ብታልፍም ባታልፍም ልጄ ነህ» በሉት። በልባችሁ እንዳለ ያውቃል ብላችሁ አትተዉት፤ ከአፋችሁ ይስማው። እናንተም ተፈታኞች፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በሚቀጥለው እሑድ በቦታችሁ እንጠብቃችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።