ፎቶግራፍ ላይ ያለችው ነጥብ ከየት መጣች?

በበደሳም ሆነ በጭሮ ሠርግም ሆነ ዒድ ያለ ፎቶግራፍ አያልፍም። ታዲያ በሙሽራይቱ ራስ አጠገብ ጠቆር ያለች ነጥብ ወይም አረንጓዴ ክብ ብትታይ ቤተሰቡ ይከፋል። በካሜራ ቤቷን የምታስተዳድር እኅትም ምክንያቱን ካላወቀች፣ ደኅናውን ሌንስ ለማስጠገን ገንዘቧን በከንቱ ታወጣለች።

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያሻል። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ በፊልም ፋንታ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ነው። ሌንስ ሲቀየር የበጋ አቧራ ገብቶ ቢያርፍበት፣ ጥላው ደብዘዝ ያለ ነጥብ ሆኖ በየፎቶግራፉ በዚያው ቦታ ይታያል። ነጸብራቅ ግን የፀሐይ ወይም የአምፖል ብርሃን በሌንሱ መስተዋቶች መካከል ሲመላለስ የሚፈጠር ነው። ደመቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ባለቀለም ሲሆን ካሜራው ሲዞር ቦታውን ይለውጣል። ብርሃኑ ከጎን የሚመጣ ከሆነ ሌንሱን በእጅ ሲያጠሉት ይጠፋል። በማታ የስልክ ፎቶግራፍ ላይ ከአምፖሉ ትይዩ የምትታየው አረንጓዴ ነጥብም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነጸብራቅ ናት።

ለመፈተን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 16 ወይም 22 ቁጥር አጥብቦ፣ ፀሐይ በሌለችበት በኩል ጥርት ያለውን ሰማይ ካሜራውን እያዞሩ ሁለት ጊዜ ማንሳት ነው። ነጥቧ በቦታዋ ከጸናች አቧራ ነች።

አቧራውን በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያደርስበታል፤ በጨርቅ መጥረግም ሴንሰሩን ይጭረዋል። የካሜራውን መመሪያ ተከትሎ በጎማ መንፊያ መንፋት፣ ካልለቀቀ ለባለሙያ መስጠት ይበጃል። ሌንስ ሲቀየር ካሜራውን አጥፍቶ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ከነፋስ መከለል ነው።

የተነሣውም የሠርግ ፎቶግራፍ አይጣልም፤ የአቧራ ነጥብ በኮምፒውተር በቀላሉ ይጠፋል።