ቶሪየምም ቢሆን ጥያቄ አለን

ስለ ኑክሌር ኃይል ወሬ ከተነሳ ከመሀላችን አንዱ ማኪያቶውን ፉት ብሎ «ቶሪየም እያለ ምን ያስፈራችኋል? እሱ እኮ አደጋ የለውም!» ማለቱ አይቀርም። እኛም ፊዚክስን ሸሽተን ጋዜጠኝነት የገባን ሰዎች ነንና ራሳችንን ነቅንቀን እናልፍ ነበር። አሁን ግን ማለፍ አልቻልንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ነገሩ የካፌ ወሬ መሆኑ አብቅቷል።

እስኪ ከቶሪየም እንጀምር። ቶሪየም እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ብቻውን አይነድም። ሌላ ነዳጅ የሚለቀውን ኒውትሮን ውጦ መጀመሪያ ፕሮታክቲኒየም፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ዩራኒየም 233 ይሆናል። የሚነደው ይሄኛው ነው። ዘዴው እንደሚሠራ አሜሪካኖች ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሺፒንግፖርት ጣቢያ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1982 ሠርቶ ሲለካ፣ የሚነደው ነዳጅ ከመነሻው ከ1 በመቶ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ቶሪየም ኦክሳይድ ለመቅለጥም 3,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ የተለመደው ዩራኒየም ኦክሳይድ 2,850 አካባቢ ይበቃዋል። ክፋቱ፣ አብሮ ዩራኒየም 232 ይፈጠራል። ከእሱ የሚመጣው ጋማ ጨረር ብርቱ ስለሆነ ያገለገለውን ነዳጅ አጣርቶ መልሶ መጠቀም ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ፣ በማሽን እጅ የሚሠራ ውድ ሥራ ነው።

ሌላው ተወዳጅ ናይትራይድ ነው። ዩራኒየም ናይትራይድ ሙቀትን ከኦክሳይዱ በብዙ እጥፍ የተሻለ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የነዳጁ መሀል ያን ያህል አይግልም። በዚያው ቦታ የሚይዘው ዩራኒየምም በ40 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሮሳቶም እ.ኤ.አ. በ2021 ሴቨርስክ ላይ መገንባት የጀመረው ብሬስት የተባለው ሪአክተር የታሰበው ለዚህ ዓይነት ነዳጅ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በቀለጠ እርሳስ ነው (ብረቱን ማለታችን ነው!)። ናይትራይድ ግን የጋለ እንፋሎት ሲያገኘው ይበላል። ተራው ናይትሮጅን ደግሞ ሪአክተር ውስጥ ካርቦን 14 ስለሚያፈራ፣ በውድ ዋጋ የተለየ ናይትሮጅን 15 ቢገኝለት ይመረጣል።

እንግዲህ ፉኩሺማን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 የምድር መናወጡ ሲመጣ ሪአክተሮቹ በትክክል ቆመዋል። ነገር ግን የተሰነጠቁት አቶሞች ቅሪት ከቆመም በኋላ ሙቀት መስጠቱን አይተውም። ሱናሚው መብራቱን አጠፋ፣ ውሃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ፣ ነዳጁ ቀለጠ። ያፈነዳው ሃይድሮጅን እንኳ በዋናነት የመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ነዳጁን ከሸፈነው ዚርኮኒየም ነው። ቶሪየምም ሆነ ናይትራይድ ይህን ቅሪት ሙቀት አያስቀሩም። ጊዜ ይገዙ ይሆናል፤ ፓምፕ ግን አይሆኑም።

ደግሞም ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚያው በዩራኒየም ኦክሳይድ ነው። የነገው ነዳጅ ተስፋ የዛሬውን ጥያቄ ማፈኛ እንዳይሆን እንሰጋለን።

ኑክሌርን አልተቃወምንም። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ የምንፈልግ ልጆች እንዴት እንቃወማለን? ግን መብራት መሄድን የምናውቅ እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ? የውጭው መብራት ሲቋረጥ ነዳጁን ለስንት ሰዓት ማን ያቀዘቅዘዋል? ያገለገለውን ማን ይወስደዋል? ተቆጣጣሪው አካል ግንባታውን «ቁም» ለማለት አቅሙም ነፃነቱም አለው ወይ? ቀጣዩ ማኪያቶ ላይ «አደጋ የለውም» የሚል ወዳጅ ሲገጥማችሁ እነዚህን ሦስቱን ጠይቁልን።