የሣሩ ኪራይ በሣሩ ይለካ

ስለ መሬት ኪራይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለሚታረሰው መሬት ነው። ስንት ኩንታል ይወጣዋል? ለባለመሬቱ ስንት ይድረስ? ለአራሹ ስንት ይቅር? እያልን እንጽፋለን፤ እንሰበሰባለን። የግጦሹ መሬት ግን እንደ ትርፍ ነገር ወደ ዳር ይገፋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያርሰው በበሬ ነው፤ በሬም ሣር ይበላል። ወተቱም፣ ቅቤውም፣ ኩበቱም፣ የአህያው ጉልበትም ከዚያው ሣር የሚገኝ ነው። ወደ ቆላ ወርደን ከብት አርቢውን ስንመለከት ደግሞ ሣር ኑሮው ራሱ ነው። እንግዲህ «ለአንድ የግጦሽ መሬት ተገቢው ኪራይ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የደላላ ጥያቄ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ተገቢው ኪራይ መለካት ያለበት በሣሩ ነው እንጂ በተዋዋዮቹ ጉልበት አይደለም። እስከ ዛሬ የታየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኃይለኛ ሲከራይ ሣሩ ይረክሳል፤ ደካማ ሲከራይ ሣሩ ይወደዳል፤ ደካማ ሲያከራይ ደግሞ መልሶ ይረክሳል። መሬቱም ያው፣ ዝናቡም ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው የሰው ፊት እያየ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ያ ዋጋ የሣር ዋጋ ሳይሆን የጉልበት ዋጋ ነው።

ታሪካችንን እንመልከት። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘውን ንብረት ሲዘረዝር የግጦሽ መሬቶችን ሁሉ ጨምሮ የመንግሥት ሀብት ናቸው አለ። ለዘመናት ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው ሕዝብ በአንድ አንቀጽ በገዛ መስኩ ላይ እንግዳ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያተርፍበት የወንዝ ዳር ሣር ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ዋለ። ሕጉ «ባለቤት አይደለህም» ላለው ሰው ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው?

በደጋውም ቢሆን ነገሩ የተሻለ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ምርት እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ለኪራይ ጣሪያ ተሠራ ተባለ፤ ጣሪያው ግን ከጭሰኛው ቁመት ብዙ ከፍ ያለ ስለ ነበር ከዝናቡ አላስጠለለውም። በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የእርሻ ልማት ሥራ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ባስገባ ጊዜ መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ በተወደደ ጊዜ ኪራዩ ናረ፤ ኪራዩ ያልበቃው ባለመሬት ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስወጣ፣ የግጦሹንም መስክ አረሰው። ገበሬውን ይጠቅማል የተባለ ሥራ የኪራይ ጥያቄ አስቀድሞ ስላልተፈታ ገበሬውን አፈናቀለ። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለው ረቂቅ ሕግም በፓርላማ ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለፈ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ለዚህ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ መሬት ማከራየትንም ከለከለ።

ያ ዘመን አልፏል፤ ኪራይ ግን ተመልሷል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባለይዞታው መሬቱን እንዲያከራይ ፈቀደ፤ ውሉም እንዲመዘገብ አዘዘ። ዋጋው በምን ይለካ? ለሚለው ጥያቄ ግን መለኪያ አላስቀመጠም። ጉልበት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ሲዋዋል በውሉ የተጻፈው ኪራይ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ይህም ለመሬቱ ሁሉ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ይሁንና 20 ብር በዚያን ጊዜ ለአንድ በሬ የስንት ቀን ድርቆሽ ይገዛ እንደ ነበር ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ጥንድ በሬውን በበጋ ለማቆየት አንዲት ቁራጭ መስክ የሚከራይ ገበሬ በሄክታር 20 ብር ልክፈል ቢል ማን ይሰማው ነበር?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች መንግሥት ሰፊ የግጦሽ መሬት አለው፤ ለከብት አርቢዎችም ያከራያል። መለኪያቸው ሊጠና የሚገባው ነው። የሚያስከፍሉት በመሬቱ ስፋት ሳይሆን አንዲት ላም ከነጥጃዋ በአንድ ወር በምትበላው ሣር ነው። የዋጋውን ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. የ1978 ሕግ ነው፤ በ1986 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከ1.35 ዶላር እንዳይወርድ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ዓመታት ኪራዩ በዚያው በ1.35 ዶላር ላይ ተቀምጦ ኖረ፤ በግል መሬት ላይ ግን ለአንዲት ላም የአንድ ወር ግጦሽ በቅርብ ዓመታት ከ20 ዶላር በላይ ይከፈላል። የግሉ መሬት አጥርና ውኃ የተሟላለት ነው፤ በመንግሥቱ መሬት ላይ ግን ብዙውን ድካም ተከራዩ ይሸከማል የሚል መከራከሪያ ያቀርባሉ። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ ልዩነቱን ሁሉ ግን አይሸፍንም። እንግዲህ ከአሜሪካ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ መለኪያው መልካም ነው፣ በመለኪያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግን ድምፁ ወደሚሰማው ወገን ያደላል።

ከአየርላንድ ደግሞ ሌላ እንማራለን። የዚያ አገር ጭሰኞች እ.ኤ.አ. በ1879 የመሬት ማኅበር አቋቁመው ተገቢ ያልሆነ ኪራይ አንከፍልም ብለው ታገሉ። በ1881 በወጣው ሕግ ኪራይን የሚወስን ፍርድ ሸንጎ ቆመ። ሸንጎው የወሰነው ኪራይ ለ15 ዓመት እንዲጸና ተደረገ፤ በመጀመሪያዎቹም ውሳኔዎች ኪራዩ በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕጉ ተከራዩ በገዛ ላቡ በመሬቱ ላይ ለጨመረው መሻሻል ኪራይ እንዳይጠየቅበት መደንገጉ ነው። ተከራይ ኩሬ ቢቆፍር፣ እሾህ ቢመነጥር፣ አጥር ቢያጥር፣ «መስኩ አማረ» ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ሊጨመርበት አይገባም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለት 6 ኪሎ ከሩብ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር መስክ በዓመት 3,000 ኪሎ ደረቅ ሣር ይሰጣል እንበል። ይህ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ሣሩ ሁሉ ግን አይጋጥም። ግማሹ ለሥሩ፣ ለአፈሩና ለሚመጣው ዓመት መቅረት አለበት፤ አለዚያ መሬቱ ይራቆታል። ስለዚህ የሚጋጠው 1,500 ኪሎ ነው። ይህም ለአንድ ከብት 240 ቀን፣ ለሁለት ከብት 4 ወር፣ ለአራት ከብት 2 ወር ይበቃል። ከዚህ በላይ ከብት የሚያስገባ ሰው የሚያስግጠው ሣሩን ሳይሆን መሬቱን ነው።

ዋጋውስ? በከተማ ገበያ የአንድ ኪሎ ድርቆሽ ዋጋ 10 ብር ቢሆን፣ አከራዩ «1,500 ኪሎ በ10 ብር፣ 15,000 ብር አምጣ» ይላል። ነገር ግን የከተማው ድርቆሽ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ነጋዴ አትርፎበት የደረሰ ነው። ከሱሉልታ መስክ አዲስ አበባ የሚገባ ድርቆሽ ዋጋው የሣሩ ብቻ ሳይሆን የአጫጁና የመኪናውም ጭምር ነው። ለዚህ ሁሉ 4 ብር ቢወጣ 6 ብር ይቀራል። ከዚህም ላይ የእረኛው ድካም፣ ከብቱን ውኃ ማጠጣቱ፣ የሚረገጠውና የሚባክነው ሣር፣ ከብቱ ቢታመም የሚደርሰው ኪሳራ የተከራዩ ሸክም ነው። ይህ ግማሹን ቢወስድ የሣሩ ዋጋ በኪሎ 3 ብር፣ የሄክታሩም ኪራይ 4,500 ብር ይሆናል። በየቦታው ቍጥሮቹ ይለወጡ፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥ። 15,000 የሚጠይቀው አከራይ ያላጨደውን አጨድሁ፣ ያልጫነውን ጫንሁ እያለ ነው። 20 ብር የሚከፍለው ኩባንያ ደግሞ ሣር የለም እያለ ነው። ሁለቱም ሐሰት ነው።

አንዳንዶች «ገበያው ዋጋውን ያውጣው፤ ገዢና ሻጭ ከተስማሙ ሦስተኛ ሰው ምን አገባው?» ይላሉ። ስምምነት የሚባለው ሁለቱም ወገን እንቢ ለማለት ሲችሉ ነው። በግንቦት ዝናብ ሲዘገይ ከብቱ በረት ውስጥ እየወደቀበት ያለ ሰው እንቢ ማለት አይችልም። እንዲያ ያለው ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ሣሩ ያን ያህል ስለሚያወጣ ሳይሆን በሬው ስለሚሞትበት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ኪራይ ዝቅ ይበል፤ ተከራይ ሁልጊዜ ድኻ፣ አከራይ ሁልጊዜ ሀብታም ነው» ይላሉ። ይህ በባላባቱ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነበር። ዛሬ ግን በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የምታከራየው በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት፣ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ነው፤ የሚከራየው ደግሞ ብዙ ከብት ያለው ሰው ነው። ሴትዮዋ ጎተራዋ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣውን ዓመት ሣር አስቀድማ በትንሽ ገንዘብ ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ የገዛ መስኳ ላይ አንዲት ጥጃ ማሰር ይቸግራታል። ለእርስዋ «ኪራይ ዝቅ ይበል» ማለት ሁለተኛ ቅሚያ ነው። እኛ የምንፈልገው ርካሽ ኪራይ ሳይሆን እውነተኛ ኪራይ ነው። በሣሩ የተለካ ዋጋ ከብቱ የተራበበትን ተከራይ ከአከራዩ፣ ጎተራዋ የጎደለባትን አከራይ ከተከራዩ ይጠብቃል።

የጋራ ግጦሽ ነገር ግን ለብቻው የሚታይ ነው። የቀበሌው ሕዝብ በጋራ የሚያሰማራበትን መስክ ሊቀ መንበሩ ወይም የወረዳው ሹም ፈርሞ ሊያከራየው አይገባም። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ለብዙ ዘመናት መስኩን ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ችግር ሲጠና ደግሞ እየከፈተ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ መኖሩ ከብት አሰማሪው ሕዝብ መስኩን መለካትና መቍጠር እንደሚያውቅ ይመሰክራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። እንዲህ ያለ መስክ የሚከራየው በባለመብቶቹ ጉባኤ ፈቃድ ብቻ መሆን አለበት፤ ኪራዩም ወደ ሩቅ ግምጃ ቤት ሳይሆን ወደ እነርሱ መመለስ ይገባዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው የእርሻ ባለሙያዎችና በሕዝብ የተመረጡ አርቢዎች በየዓመቱ የአንድ ከብት የአንድ ወር ግጦሽ ዋጋ አውጥተው በገበያ ቦታ ይለጥፉ። ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ የብሩ ልክ ብቻ ሳይሆን የከብቱ ቍጥርና የግጦሹ ወራትም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የውሉ ዘመን ለአንድ በጋ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ዓመታት ይሁን፤ ነገ የሚወጣ ሰው ለነገው ሣር አያስብምና። አራተኛ፣ ዝናብ ሲጠፋ ኪራዩ እንደ ጉዳቱ መጠን ይቀነስ፤ ድርቅን ብቻውን የሚሸከመው ተከራዩ መሆን የለበትም። አምስተኛ፣ ይኸው መለኪያ ለሄክታሩም ለሺህ ሄክታሩም፣ ለገበሬውም ለኩባንያውም እኩል ይሥራ።

በውጭ አገር የምንገኝ ተማሪዎች የሌላውን አገር ሕግና ቀመር ለማንበብ ዕድል አለን። በአገር ቤት ያሉት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ በየቀያቸው የሣሩን ዋጋ ከሚያውቁት እናቶችና አባቶች ጠይቀው መመዝገብ ይችላሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ የእኛ ንባብ ወሬ፣ የእነርሱም ዕውቀት በየጎጆው የተቀበረ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ወረዳ አንድ እውነተኛ የዋጋ ሰሌዳ መለጠፍ ስለ መሬት ከሚጻፉ ብዙ መግለጫዎች ይልቅ ለገበሬው ይጠቅመዋል፤ ሰሌዳ ካለ ገበሬው «ይህ ዋጋ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ ሹሙም የሚመልስበት ነገር ይኖራልና።